በሾኔድ ስም ውስጥ ስለገባችው ‹ኤች›

ለክብርት የወረዳችን የልደትና የሞት መዝጋቢ፣
ከገበያው አዳራሽ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ባለፈው ክረምት ሲያስቸግርዎ የነበረው ሳል እንደተወዎት፣ የቢሮዎ ማሞቂያም በመጨረሻ እንደተጠገነ ተስፋ አለኝ። እኔ የስቲን ፕሮሰር እባላለሁ፤ በታይቪ ወንዝ ግራና ቀኝ ካሉት እርሻዎች ወተት በቦቴ የምሰበስብ ሾፌር ነኝ። የዛሬ ዓመት ከአራት ወር ሴት ልጄን ላስመዘግብ ብቻዬን ቢሮዎ መጥቼ ነበር። በዚያን ቀንና ከዚያም ወዲህ ባሳዩኝ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ምክንያት የደረሰብኝን በደል፣ የአካባቢያችን ወርኃዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ከበግ ጨረታው ማስታወቂያ ጎን ቦታ ስለሰጠችኝ፣ በታላቅ አክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የጠየቁኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

የልጄ ስም ሾኔድ እንደሆነ በነገርኩዎ ጊዜ ብዕርዎን ከወረቀቱ አንስተው «በ‹አይ› ነው ወይስ በ‹ኤች›?» አሉኝ። ከድንበር ማዶ መጥተው በቅርቡ ጎረቤት ለሆኑን አንባቢዎች ስል ላስረዳ፦ በእኛ በዌልሾች አጻጻፍ የዚህ ስም ሁለተኛ ፊደል ‹አይ› ናት፤ እንግሊዞች ግን ያንኑ ድምፅ የሚጽፉት በ‹ኤች› ነው። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለዓይን ግን ሁለት አገር ነው። እኔም በ‹ኤች› ነው አልኩ። ከመነጽርዎ በላይ አሻቅበው እያዩኝ «እርግጠኛ ነዎት፣ አቶ ፕሮሰር?» አሉ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ባለቤቴ ኔሪስ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ገና ከአልጋ ስላልተነሳች፣ እንዳልሳሳት ብላ ስሙን በእርሳስ ጽፋ የሰጠችኝ ቁራጭ ወረቀት በዚያች ሰዓት ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ‹አይ›ዋን አድምቃ ነበር የጻፈቻት። ኪሴን አለመፈተሽዎ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛ፤ ምክንያቴን ለማወቅ አልፈለጉም።

ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር። አባቴ መኪና ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ከድንበር ማዶ ስለወሰደን የተማርኩት እዚያ ነው። የእኔም ስም በእኛ አጻጻፍ የሚጀምረው በዚያችው በ‹አይ› ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን እንግሊዛዊቷ አስተማሪ ስሜን ከመዝገቡ ላይ ስታነብ «አይስቲን» አለችኝ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አይስክሬም ሆንኩ፤ ትምህርት ቤቱን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ አይስክሬም ነበርኩ። ስለዚህ የቢሮዎን ደረጃ ስወጣ ልጄን ማንም እንዲህ አይጫወትባትም ብዬ ወሰንኩ። ደረጃው ሠላሳ አንድ እርከን ነው፤ እናቷ በዘጠኝ ወር የጨረሰችውን ጉዳይ እኔ በሠላሳ አንድ እርከን ጨረስኩት። ምክንያቴ እንደሚያዩት እንከን የለውም፤ ለኔሪስ ለመናገር ብቻ አልበቃም።

ሦስተኛ፤ ስለሰጡኝ ቅጽ።

ልሰናበት ስነሳ፣ ቤተሰቡ ሐሳቡን ቢለውጥ ስሙን በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ማስተካከል እንደሚቻል ነግረውኝ፣ ቅጹንም ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር አጥፈው በፖስታ ከተው አስያዙኝ። ይህን ደግነትዎን ይቅር ለማለት በጣም ተቸግሬአለሁ፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ አላውቅም ነበር እል ነበር። ፖስታውን ወስጄ ኔሪስ በማትከፍተው መሳቢያ፣ ከቦቴው የምርመራ ወረቀቶች ሥር አስቀመጥኩት።

አራተኛ፤ ይህ ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም፤ ሆኖም የት እንደማቀርበው ስላጣሁ ይታገሱኝ።

ኔሪስን ያሳደጓት ሴት አያቷ ናቸው፤ በአገራችን ወግ ሁላችንም ማምጊ እንላቸው ነበር። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሾኔድ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ትምህርት ቤት ገቡና አስተማሪው ይህን የመሰለ ስም አልጽፍም ብሎ ጃኔት አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ የጋብቻ ወረቀታቸውም፣ የጡረታ ደብተራቸውም፣ የዓይን ሐኪሙ ካርድም ጃኔት እንዳለ ቀረ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሾኔድ የሚባሉት እቤትና ጸሎት ቤት ውስጥ ብቻ ነበር። ልጃችን በስማቸው እንደምትጠራ ስንነግራቸው ምርቃት ስንጠብቅ «እኔን እነሱ ጻፉኝ። እሷን እናንተ ጻፏት» አሉን።

ከእርስዎ ዘንድ እንደወጣሁ በቀጥታ የሄድኩት ማምጊ ቤት ነበር። የበግ ሾርባ ጥደው በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በዚያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ሌላ አያይም ነበርና ወረቀቱን አንብብልኝ አሉ። «ሾኔድ ፕሮሰር» ብዬ አነበብኩ። እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም። ቀጥለው «ፊደሉን አንድ በአንድ ጥራልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ‹ኤስ› አልኩ። ከዚያ ‹ኤች›ዋን እያየሁ ‹አይ› አልኩ። የጠራሁትን እየተከተሉ እያንዳንዷን ፊደል በጣታቸው በጠረጴዛው ልብስ ላይ ጻፉ። ሲጨርሱ ጨርቁን በመዳፋቸው አሻሽተው «በቃ፣ ገባች» አሉ። በዳበሳ ሾርባ ቀድተው ሰጡኝ። ሁለት ሳህን በላሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ዝምታዎ።

ማምጊ መጋቢት ላይ አረፉ። ሞታቸውን ልናስመዘግብ እኔና ኔሪስ አብረን መጣን፤ ሕፃኗን ያቀፍኩት እኔ ነበርኩ። ኔሪስ ወረቀቱ ላይ ጃኔት ቢባሉም ስማቸው ሾኔድ ስለሆነ እሱም አብሮ ይግባልኝ አለችዎ፤ ‹አይ›ዋንም ጠበቅ አድርጋ ጠራችልዎ። በዚያው ብዕርዎ ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው አንዴ ሕፃኗን፣ አንዴ እኔን አዩና ወደ መዝገብዎ ተመለሱ። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሰባት ወር ይቀረው ነበር። እርስዎ እንዲናገሩ ሕጉ አይፈቅድልዎ ይሆናል፤ እኔን ግን የከለከለኝ ሕግ አልነበረም። ደረጃውን ስንወርድ ኔሪስ ክንዴን ይዛ «ደግነቱ አንተ ቀድመህ አስደስተሃቸዋል» አለችኝ። ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኳት።

አሥራ ሁለተኛው ወር የሞላው ሐሙስ ቀን ነው። ከአሥራ አንድ እርሻ ወተት ሰበሰብኩ፤ መንገዴ ሁለት ጊዜ በቢሮዎ ደጅ ያልፋል።

ታኅሣሥ ላይ የጸሎት ቤታችን መዘምራን ለትንሣኤ ፈረንሳይ አገር ስለተጋበዙ ኔሪስ ለልጃችን ፓስፖርት ልታወጣ ተነሳች፤ የልደት ወረቀቷን ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተች። ከሥራ ስገባ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታው ነበር። አልጮኸችም። «ለማምጊ የትኛውን ፊደል ጠራህላቸው?» አለችኝ። ነገርኳት። ብዕሩን አነሳችና የፓስፖርቱን ቅጽ መሙላት ቀጠለች። የሚጻፈው ከልደት ወረቀቱ ጋር መመሳሰል ስላለበት፣ ሁለተኛዋ ሳጥን ውስጥ ‹ኤች›ን በገዛ እጇ ጻፈች። ቆሜ አየኋት። በማግስቱ ልጅቷን ይዛ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰች። አሁን ስለ ልጅቷ ምግብና ስለ እንቅልፏ ታነጋግረኛለች።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ስለ መልስዎ።

መዝገቡ እንዲታረም ላቀረብኩት ማመልከቻ ቢሮዎ በጥር ወር «ስህተት አልተገኘም፤ መዝገቡ አስመዝጋቢው የተናገረውን በትክክል ይዟል» የሚል ግሩም መልስ ልኮልኛል። እስከ ዛሬ ስለ እኔ እንዲህ ያለ እውነት የጻፈ መሥሪያ ቤት የለም። ይኸው ስህተት የማይገኝበት ቢሮ ፖስታው ላይ ስሜን አንድ ፊደል ገድፎ መጻፉን አይቻለሁ፤ ልከስ አስቤ ነበር፤ በየትኛው አፌ?

ኔሪስ በሌላ ሕጋዊ ወረቀት ስሙን እናስቀይር ስላት የማምጊ ስም በቅያሪ አይገባም አለችኝ። «ልጅቷ ማንበብ የጀመረች ቀን ራስህ ትነግራታለህ» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ስለዚህ ልጄ በሕፃናት መዋያዋ ውስጥ ኮቷን የምትሰቅልበት መስቀያ ላይ በ‹አይ›፣ ፓስፖርቷ ላይ በ‹ኤች› ተጽፋ፣ ልክ እንደ ቅድመ አያቷ በሁለት ስም ታድጋለች። ማምጊን ጃኔት ያለው አስተማሪ ግን ቢያንስ ባዳ ነበር።

እነሆ ቅሬታዬ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ስለጠየቁኝ፣ ቅጹን አጥፈው ስላስያዙኝ፣ በመጋቢትም አይተው ዝም ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እንደ እርስዎ ያለ ንጹሕ እጅ ባይኖር የእኔ እጅ እንዲህ ጎልቶ ባልታየም ነበር።

የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ደረጃዎን የሚወጡ አባቶችም ከእኔ የተሻሉ እንዲሆኑልዎ እየተመኘሁ፣ በመዝገብዎ የፊርማውን ትክክለኛነት ያረጋገጡለት ታዛዥዎ

የስቲን ፕሮሰር
(አስመዝጋቢ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሁለተኛ ልጃችን በሰኔ ይጠበቃል። ልታስመዘግብ የምትመጣው ኔሪስ ናት፤ እኔ ከገበያው ፊት ለፊት መኪና ውስጥ እንድጠብቅ ተወስኗል። ስሙ ተመርጧል ተብዬአለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን አልተነገረኝም። ከእኔ በፊት የሚሰሙት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከወዲሁ እንኳን ደስ ያለዎት።