አፉን ከፍቶ የሚሄደው ሊፍት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሊፍቱ ፈተናውን አለፈ።

ከድር ደጋግሞ ወጣ፣ ወረደ። ፍሬኑን፣ ገመዱን፣ የየፎቁን በር መቆለፊያ ፈተሸ። በሩን ከፍቶ ቁልፉን ሲጫነው ሊፍቱ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። እኔ ፎልደሬን አቅፌ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከድር መሐንዲስና መርማሪ ነው፤ እኔ የልዩ ፕሮጀክቶች አስተባባሪ ነኝ። በእኛ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ልዩ ፕሮጀክት የሚባለው ዳይሬክተሩ ሰው ፊት ቃል የገባበት፣ ግን የትኛውም ክፍል «የእኔ ነው» የማይለው ሥራ ነው። ዘንድሮ የሕንፃ ሊፍቶች ናቸው። ደህና የሆነው አረንጓዴ ስቲከር ይለጠፍበታል። አደገኛው ቀይ ይለጠፍበትና ይቆማል። የመጀመሪያው አረንጓዴ ዓርብ ጠዋት፣ እዚሁ ላፍቶ፣ ካሜራ ፊት ይለጠፋል።

ሕንፃው የተመረጠው ዋና መንገድ ዳር ስለሆነ ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘነበች የምድር ቤቱን አዳራሽ በነጻ ሰጥተውናል። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ አለ። ዳይሬክተሩ አቶ ደረጀ ይህን ሲሰማ «ከዘራ የያዘ ሰው በሊፍት ሲወጣ ይታይ!» አለ። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ እዚያ ነው የሚታከመው፤ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ። እኔ አልተናገርኩም። ወይዘሮ ዘነበች ነገሩት።

የቀሩ ነገሮች፦
ባነር። ታትሟል። «አሳንሰር» ይላል፤ ሊፍት ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የለም።
ቲሸርት። ሁሉም ትልቅ ቁጥር ሆኖ መጣ። እንደ ባለፈው።
ሪባን አለ።
መቀስ። ከየምረቃው በኋላ መቀስ ይጠፋል። ማን እንደሚወስደው እስካሁን አልታወቀም። ነገ ይገዛ።

አቶ ደረጀ ሲሸኘኝ «ከዓርብ በኋላ ስለ ቦታሽ እንነጋገራለን» አለኝ። በተጠባባቂነት የከረምኩበት ወንበር ነው። ደስ አለኝ። ለራሴ ማስታወሻ ምን ልደብቅ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ታደሰ ከክሊኒኩ ቀጥታ እኛ ቤት መጥቶ ራት በላ።

«ሊፍታችሁ አለፈ አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ አለፈ።»

«ያ አፉን ከፍቶ የሚሄደው?»

ሳቀ። አልገባኝም።

«በሩ ሳይዘጋ ይሄዳል እኮ፣ ሰኒ። ዘበኛው ጋሽ ሸምሱ አብረውኝ ይገቡና ‹ወደ ውስጥ ጠጋ በል፣ ከዘራህን ሰብስብ› ይሉኛል። ግድግዳው ፊት ለፊትህ እንደ ሲኒማ ያልፋል።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«ሁልጊዜ ነዋ። ዛሬም።»

ወንድሜ ማጋነን ይወዳል። አገር አቋራጭ ሹፌር ነበር፤ በእሱ ወሬ ውስጥ ጅብ ሁሉ በሬ ያህላል። ይህንን ለራሴ ነገርኩት። እሱ ግን ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ በደህናው እጁ ጠረጴዛው ላይ ክፍተቱን ለካልኝ። አንድ እግር በደንብ ይገባበታል። ሲያጋንን እንደሚያደርገው ዓይኑን አላጠበበም።

እንጀራዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሰኞ በዓይኔ አይቻለሁ። በሩ ክፍት ሆኖ አልሄደም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ቢሮ ከመግባቴ በፊት ብቻዬን ሄድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። «እትዬ፣ ዛሬ ደብዳቤ አልደረሰንም» አሉ። ደብዳቤ አልጻፍኩም አልኳቸው። ሊፍቱ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። በደረጃ ወጣሁ።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ መብራት ጠፋ። ከታች ሰው በር ደበደበ። ጋሽ ሸምሱ ደረጃውን በሩጫ መጡ፣ አልፈውኝ የሊፍቱን በር በባዶ እጃቸው እንደ ቁም ሣጥን ከፈቱት። ከበሩ ጀርባ ሊፍት የለም። ጨለማ ነው፣ የግራሶ ሽታ ነው፣ ገመድ ተንጠልጥሏል። «ወይኔ፣ ከታች ነው የቆመው!» ብለው ተመልሰው ወረዱ። በሩን እንደተከፈተ ትተውት።

ከክሊኒኩ ኮሪደር አንዲት ሴት ግድግዳውን ተደግፋ እየመጣች ነበር። ነጠላዋን ከጨለማው ለይቼ አየሁት።

«መጣ?» አለችኝ። ሊፍቱን ነው። ክፍት በር አይታለች።

ክንዷን ያዝኩ። ጠንክሬ ነው የያዝኩት መሰለኝ፣ «ምነው አንቺ፣ ቀስ!» አለችኝ ተቆጥታ። እንደተቆጣች ደረጃው ላይ አስቀመጥኳት። በሩን ጎትቼ ዘጋሁት። ተመልሶ ተከፈተ። የሚይዘው ነገር የለም። መብራት እስኪመጣ በጀርባዬ ተደግፌው ቆምኩ።

ጋሽ ሸምሱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የቀረውን ሰው አውጥተው መጡ። ላባቸውን እየጠረጉ ነገሩኝ። ክረምት ላይ አንዲት እናት ውስጥ ቀሩ። መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩ እንቢ አለ፣ በሩ ተቆልፏል። ቴክኒሻን እስኪመጣ ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ጠፋ። በሕይወት ወጡ፣ ዳግመኛ ግን አልመጡም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሸምሱ የየፎቁን መቆለፊያ ፈቱት። በር ካልተዘጋ ሊፍቱን የሚያቆመውንም ሽቦ አገናኙት፤ በሩ ክፍት ሆኖም ይሄዳል።

«ሰው ውስጥ ታፍኖ ከሚሞት ብለን ነው፣ እትዬ።»

«ሰኞስ?»

መልሱን የሰጡኝ ከኋላዬ የደረሱት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። አላፈሩም። «ልጄ፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ ‹ተዘጋጁ› አላችሁን። ተዘጋጀን። እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የማያጸዳ ማን አለ?»

እውነታቸውን ነው። ምርመራ ስንወጣ አስቀድመን ደብዳቤ እንልካለን። «አስፈላጊውን ዝግጅት እንድታደርጉ» ይላል። መሥሪያ ቤታችን ሰው ቤት ድንገት አይገባም፤ ነውር ነው።

ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አቶ ደረጀ ጋ ገባሁ። አስረዳሁ።

«ሰኞ አልፏል ወይስ አላለፈም?»

«አልፏል።»

«ታዲያ?»

«ለእኛ ገጥመውት ነበር። ስንሄድ መልሰው ፈቱት። ትናንት አንዲት ሕመምተኛ ባዶው ውስጥ ልትገባ ስትል እጇን ይዣለሁ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «ሰናይት፣ ጥሪው ተበትኗል። ሚዲያ ይመጣል። ነገ አረንጓዴውን እንለጥፍ፣ ሰኞ ከከድር ጋር ሄዳችሁ አስተካክሉት።»

«እስከዚያ የሚሳፈሩትስ?»

«ለቅዳሜና እሁድ?» አለ። ቀጥሎ፣ «አንቺ አስተባባሪ ነሽ። አስተባብሪ።»

ስለ ቦታዬ አላነሳም። ማንሳት አላስፈለገውም። ስወጣ ግን ጠራኝ። ነገ ካሜራ ፊት መጀመሪያ የሚሳፈረው ሰው ተገኝቷል። ወይዘሮ ዘነበች ናቸው የጠቆሙት። ወንድሜ ነው።

ከድርን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። «እኔ ያየሁትን ነው የፈረምኩት» አለ ገና ሳልናገር። አውቃለሁ አልኩት። «እንግዲያው እኔን ተይኝ» ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከሶላት ሲመለስ መጣ። ጠረጴዛዬ ሥር ያለውን ካርቶን በእግሩ ጎትቶ አወጣና ፕላስተሩን በመኪናው ቁልፍ ቀደደው። ቀዮቹ ናቸው። ከአረንጓዴው ጋር አብረው ታትመው ማንም አልከፈታቸውም። መመሪያው ሁለት ፊርማ ይጠይቃል፤ የመርማሪውና የአስተባባሪው። የዳይሬክተሩን አይጠይቅም። መመሪያውን ስናረቅቅ ቀዩ በሥራ ላይ ይውላል ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከድር አንዱን አንሥቶ ፈረመ።

«ካባረሩኝ ልጆቼን ያንን ቲሸርት አለብሳቸዋለሁ» አለ። «አንዱ ሁሉንም ይይዛቸዋል።»

ሳቅኩ። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዬ ነው።

መፍትሔውን ጠየቅኩት። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱን ቅርብ ያለው ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍት ባትሪ አለ። ባለቤቷ ሊፍቱን ሲገዙት አብሮ መምጣት የነበረበት ነው። አስቀርተውታል። አሁን ይምጣ ቢባል ጊዜ ይፈጃል።

ወይዘሮ ዘነበች ደወሉ። «ልጄ፣ ሊፍቱ ከቆመ ሕመምተኛው ይቀራል። ሕመምተኛው ከቀረ ክሊኒኩ ይለቃል። ወንድምሽንስ አራተኛ ፎቅ ማን ይሸከምልሻል?»

«ባትሪው እስኪመጣ አዳራሹን ለክሊኒኩ ይስጡ። ምድር ቤት ይታከሙ።»

«አዳራሹ ለሰርግ ተይዟል።»

ስልኩን ግን አልዘጉትም። ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር።

ማታ ፉሪ፣ ታደሰ ቤት ሄጄ ሊፍቱ ሊቆም እንደሚችል ነገርኩት። ይገባዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

«እግሬ ገና አሁን መላወስ ጀመረ። ካቆምሽው እዚያው ላይ ይቀራል።»

«ብትወድቅስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«የስንቱን አገር ገደል ያለፍኩ ሰውዬ ነኝ፣ ሊፍት ነው የሚገለኝ?» አለ። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አቆመ፤ ወደቀ፤ ሳነሣለት ከእጄ ቀማኝ። «ነገ ሱፌን ለብሼ እመጣለሁ። በሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ።»

ሳልሰናበተው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት። ካቆምኩት የወንድሜ እግር። ካላቆምኩት ያቺ ሴት፣ ወይም ሌላ፣ ወይም እሱ ራሱ። ወንበሬን ስሌቱ ውስጥ አላስገባሁም ልል ነበር። አስገብቻለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ይህን የምጽፈው ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባንኮኒ ላይ ነው። መቀስ ልገዛ ተልኬ። ማክሰኞ የተገዛው ጠፍቷል፤ ዘንድሮስ ከምረቃው በፊት። አቶ ደረጀ ሪባኑ ፊት ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ሁሉም እኔን አየ። ባለሱቁ ጓዳ ገብቶ ካርቶን እየገለበጠ ነው።

ጠዋት ስንደርስ ሊፍቱ አፉን ገጥሟል። መቆለፊያዎቹ በየቦታቸው ናቸው። ከድር አንድ ጊዜ ወጥቶ ወረደና አንገቱን ነቀነቀ። አሁን ቢፈተሽ ያልፋል።

ጋሽ ሸምሱ የመሥሪያ ቤታችንን ኮፍያ አድርገው በሩ ጋ ቆመዋል። ጠጋ ብዬ «ስንሄድስ?» አልኳቸው። የኮታቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉ። ካቻቪቴ ነው።

«እፈታዋለሁ፣ እትዬ። መብራት ጠፍቶ ሰው ሲጮህ እኔ ነኝ የምሰማው። እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

እኔም እፈታው ነበር።

ታደሰ ቡናማ ሱፉን ለብሶ ከሊፍቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጺሙን ተላጭቷል። ሰላም ስለው ወደ ካሜራው ዞረ። ከዚህ ሆኜ በመስታወቱ ይታየኛል። ከዘራውን በሁለት እጁ ይዟል። በሁለቱም። ግራ እጁ ከበሽታው ወዲህ እንዲህ ሲይዝ አላየሁም። ምነው ባላየሁት።

ልሻገር ስል ወይዘሮ ዘነበች ክንዴን ያዙ። «ሰርገኞቹን አናግሬያቸዋለሁ። ሌላ አዳራሽ ብፈልግላቸው እሺ ይላሉ።»

«ለክሊኒኩ ይሰጡታል ማለት ነው?»

«ሊፍቱ የሚሠራ ከሆነ ለምን ብዬ እሰጣለሁ?» አሉ። ዓይኔን እያዩ ነው ያሉት። ነጋዴ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ግልጽ አያደርጉትም። ቃል ግን አልሰጡኝም።

ቀዩ ስቲከር በዚህ ደብተር መሃል ነው። የከድር ፊርማ አለበት። ከጎኑ ያለው መስመር ባዶ ነው።

መብራት ጠፋ። ባለሱቁ ከጓዳ «ምረቃችሁ አላማረበትም!» ብሎ ሳቀ። የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሣ። የሕንፃው አልተነሣም። ማዶ አዳራሹ ጨልሟል፤ የካሜራው መብራት ብቻ በርቶ ቀርቷል። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። አቶ ደረጀ በሩ ላይ ወጥቶ ወደዚህ እያየ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል።

ፈረምኩ። ባንኮኒው መስታወት ስለሆነ እስክሪብቶው ተንሸራተተ፤ ፊርማዬ ትንሽ ጠመም ብሏል። ይነበባል።

ባለሱቁ በስልኩ መብራት ትልቅ የልብስ ሰፊ መቀስ ይዞ መጣ። «ይኼ ይሆናል፣ እትዬ?» ይለኛል።

ተወው አልኩት። እየወጣሁ ነው።