ጠላ የሌለበት ማኅበር ፍለጋ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩

ጋኑን ደፋሁት። ጌሾውን ለጎረቤት ሰጠሁ። አረቄ ማውጣት ከእንግዲህ በቃኝ፤ እየሸጥኩ ስቀምስ፣ እየቀመስኩ ስሸጥ ነው እዚህ የደረስኩት። ወንድሜ ልጄን የሺን ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ወስዷታል። "መጠጡን እስክትተዪ እኔ ጋ ትደግ" ብሎ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም።

የንስሐ አባቴ እንዳልጠጣ ገዝተውኛል። "ግን ግዝቱ ብቻውን አይበቃሽም። ብቻሽን ከሆንሽ ትወድቂያለሽ፤ ማኅበር ግቢ" አሉኝ።

"አባቴ፣ ጠላ የሌለበት ማኅበር የት አለ?"

"ፈልጊ" አሉኝ።

ወላጅ አባቴን መሪጌታን ነፍሱን ይማረው፤ መጻፍ ባያስተምረኝ ይህን ለማን እነግር ነበር? ፊደሌ ራሱ የሰከረ ይመስላል።

ማክሰኞ፣ ሚካኤል

የሚካኤል ማኅበር እትዬ በላይነሽ ቤት ነበር። የቆየሁ ማኅበርተኛ ነኝና መቅረት አልሆነልኝም። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ የጠላው ሽክና ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። "ግዝት አለብኝ" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። "አንቺ ካልጠጣሽ ማን ሊጠጣ ነው?" አለች አንዷ።

እትዬ በላይነሽ ግን አልሳቁም። "የመልአኩን ጠበል መግፋት ነውር ነው። ከንፈርሽን ብቻ አስነኪ።"

ከንፈሬን! ከንፈሬን ካስነካሁ ጋኑን እንደማልምር ከየት ያውቃሉ? ተነሥቼ ወጣሁ። "ማኅበር ረገጠች" ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ግን አልጠጣሁም።

ረቡዕ

ላብ። የምላስ መድረቅ። ሽሮ እንኳ አልወርድ አለኝ።

የጨው ነጋዴው ሚስት ዘይነባ ሁኔታዬን አይታ፣ "እኛ ቤት ሴቶች እንሰበሰባለን። የምንጠጣው ቀሪቦ ነው፤ አያሰክርም፤ ነዪ" አለችኝ። ሄድኩ። ቀሪቦው የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ ይጣፍጣል። ደግነታቸው ልክ የለውም። ስለ ልጅ፣ ስለ ገበያ ይጫወታሉ። ጉሮሮዬ እንዴት እንደሚጮህ ግን ለማን ልንገር? አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅ። "ምን ሆንሽ፣ ዝም አልሽ?" አለችኝ ዘይነባ። "ምንም" አልኳት። ያው ብቻዬን ተመለስኩ።

ሐሙስ

አንድ ባላምባራስ የመጠጥ ግዝት ያለባቸውን ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር እንደሚሰበስቡ ሰማሁና ሄድኩ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። "ሴት መሀላችን ምን ታደርጋለች?" አሉ ባላምባራስ። ለመንኳቸው። ራቅ ብዬ ቆሜ እንድሰማ ፈቀዱልኝ።

ሰሞኑን ጠጥቶ የተገኘ አንድ ገበሬ አስነሡና በሰው ፊት ሰደቡት። ዘሩን ሳይቀር። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እሱ ሲሰደብ አረቄ እኔን አማረኝ።

ይህ አይሆነኝም። የተዋረደ ሰው ከዚያ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ። ስንቱን ቤቴ ተቀብዬ ቀድቼለታለሁ።

አርብ

ገበያ። ከእስቴ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ፈልጎ አገኘኝ። "የሺ ደኅና ናት። 'እማዬ ተሻላት?' ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች። ምን ልበላት?"

ተሽሏታል ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸት ሆነብኝ። "እየታገለች ነው በላት" አልኩት።

ከአረቄ ሻጮቹ ዘንድ ታንጉት ጠራችኝ፤ አብረን ስንጠጣ የኖርን የልብ ጓደኛዬ። መለኪያ ሞልታ "በእኔ ሞት!" አለች። እጇ ከእኔም ብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ሽታው መጣ። እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። እንኳን ልሰናበታት ፊቷንም አላየሁ።

ጥጥ ተራ ስደርስ አንዲት መነኩሲት ክንዴን ያዙኝ። "ልጄ፣ አረቄ ነው አይደል?"

"በምን ዐወቁ?"

"ከመመንኮሴ በፊት ዕድሜዬን ጠጥቼው የለ! ምን ይሰወረኛል?"

እማሆይ አጸደ ይባላሉ። "ነገ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኪዳነ ምሕረት፣ ጎጆዬ ነዪ። እንዝርትሽን ይዘሽ።"

ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት

ከእማሆይ ጎጆ ጥቂት ሴቶች ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ ለነዳያን ልብስ ስለሆነ በዓሉ አይከለክለውም አሉኝ። መሀላቸው የውሃ ማሰሮ አለ፤ ሌላ የሚጠጣ የለም። ሲመሽ ነው መጠጥ የሚያምረው፤ ሰዓቱን ዐውቀው ነው የመረጡት። እጃቸው እየሠራ በየተራ ይናገራሉ።

አንዷ የቄስ ሚስት ናት! "ዛሬ ድግስ ነበረብን። ጠላ ስቀዳ ዋልኩ፤ ጣቴን እንኳ አልላስኩም" አለች። እማሆይ እልል አሉላት።

ሌላዋ "እኔ ትናንት ወደቅኩ" አለች። ቀና ብላ አላየችም።

"ዛሬስ?" አሏት እማሆይ።

"ዛሬ እዚህ ነኝ።"

"በቃ፤ ፍተዪ።"

የሰደባት የለም።

ተራዬ ደረሰ። ክሬ ተበጠሰ። "ጉሮሮዬ ይጮሃል" አልኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዐወቁት!

እሑድ

"እሑድ ግን ለነዳያንም አይፈተል። ክፉዋ ቀን እሷ ናት፤ እጅ ባዶ ነው፤ እንዳትቀሪ" ብለውኝ ነበር እማሆይ። ቀድሜ ወጣሁ። መንገዴ በታንጉት ደጅ ነው። አላስችል አለኝና ጠራኋት፤ የምሄድበትን ነገርኳት።

"ምን ይጠጣል እዚያ?"

"ውሃ።"

በሩን ዘጋችብኝ።

እማሆይ ጎጆ ተቀምጠን ገና ሳንናገር፣ ከአጥሩ ውጭ ኮሽታ ሰማን። እማሆይ ብቅ ብለው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። "አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ተዋት፤ ድምፃችሁን ግን ከፍ አድርጉ" አሉ። ከፍ አድርገን ተናገርን።

ስንወጣ ታንጉት ነበረች። አብረን ወረድን። ነጠላዋን ፊቷ ድረስ ተከናንባለች። ደጇ ስንደርስ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ነገም አላችሁ?" አለችኝ።

"አለን" አልኳት።