ማንም ላላስተማራት እህቴ አስተዋዋቂ

ይድረስ ለክቡር የሥዕል ማዕከሉ የስትራቴጂያዊ ኮሙኒኬሽንና የሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክተር፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያለ ዕረፍት ለሚሠራው የማተሚያ ማሽንዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ የሱቅ ታፔላ በመጻፍ የምተዳደር፣ በዚህ ወር ሥዕሎቿን በማዕከልዎ የምታሳየው ሠዓሊ ታላቅ ወንድም ነኝ። እህቴን እርስዎ ያውቋታል፤ እሷ ወንድም እንዳላት ግን እስካሁን የነገረዎት ያለ ስለማይመስለኝ፣ ራሴን ማስተዋወቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ማስተዋወቅ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ቢቸግረኝ ነው የገባሁበት።

የኤግዚቢሽኑ ካታሎግ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል ሲባል ስለሰማሁ፣ ከዚያ በፊት የሚከተሉትን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ባሠራጩት መግለጫ ላይ እህቴ «ማንም ሳያስተምራት በራሷ የበቀለች» ተብላለች። ይህን ሳነብ፣ ለስድስት ዓመታት ከሱቄ በስተጀርባ አጠገቤ ቆማ ብሩሽ አያያዝ የተማረችው ልጅ ማን እንደነበረች ግራ ገባኝ። ጥላ በጥቁር ሳይሆን በሰማያዊ እንደሚሠራ፣ ረጅም መስመር ትንፋሽ ተይዞ በአንድ ጊዜ እንደሚሳብ፣ የተበላሸ ቀለም ሳይደርቅ ጋዝ በነካ ጨርቅ እንደሚጠረግ ያሳየኋት እኔ ነበርኩ። መግለጫዎ ይህንኑ መስመሯን «ከተፈጥሮ የተቸራት» ይለዋል። ተፈጥሮ መባል ለእኔ ቢጤ ትልቅ ክብር ነውና አመሰግናለሁ።

፪. ፎቶ አንሺዎ ቤታችን በመጣ ዕለት «ጋሼ፣ ትንሽ ወደዚያ» እያለ በታላቅ ጨዋነት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲያሻግረኝ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ብርሃን እንዲገባለት መጋረጃውን እንድይዝለት አደረገኝ። በመጀመሪያው በራሪ ወረቀት ላይ አራት ጣቶቼ ከመጋረጃው ጫፍ ታይተው ነበር፤ ለሚስቴም ለደንበኞቼም አሳይቻለሁ። በሁለተኛው እትም ጣቶቼም ተቆርጠዋል። ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫. በበርዎ ላይ የተሰቀለው ባለ ሦስት ሜትር ባነር የሚያሳየው የእህቴን ሥዕል አይደለም። እንዲያውም ሥዕልም አይደለም። እኔ አሥር ዓመት ብሩሽ የጠረግሁበት ጣውላ ነው፤ ፎቶ አንሺው ግድግዳ ተደግፎ አግኝቶት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት በመልቀም መሥሪያ ቤትዎን የሚስተካከል የለም። እህቴ ጣውላውን እንደምታውቀው አልጠራጠርም፤ ዝም ማለቷን ከሥራ ብዛት ቆጥሬላታለሁ። ከሥሩ ቆሜ ሰዉ «ውስጣዊ ጸጥታ አለው» እያለ ሲያደንቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ አልዋሽዎትም፤ ቀናሁ። በእህቱ የሚቀና ወንድም ሞልቷል፤ በገዛ ብሩሹ ቆሻሻ የቀና ሰው ግን ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በዚህ ሠፈር በየሱቁ ደጃፍ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው። በቀን ስንትና ስንት ሰው ያነበዋል፤ ማን ጻፈው ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። ይህን ሠላሳ ዓመት ችዬዋለሁ። እህቴን ያስተማራት ሰው እንደሌለ በሚያምር ወረቀት ታትሞ ማንበብን ግን አልቻልኩም። ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም፤ በካታሎጉ ውስጥ «ወንድሟ አስተማራት» ይባልልኝ። ሁለት ቃል ነው፤ ፎቶም አያስፈልገውም።

ያለ መሥሪያ ቤትዎ ዕውቅና ወንድም ነኝ ለማለት የደፈርኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት የምሰናበትዎ፣

ታፔላ ጸሐፊው

ግልባጭ፦ ለአላፊ አግዳሚው

ድኅረ ጽሑፍ፦ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል። ደብዳቤውን ላደርስ ቢሮዎ መጥቼ ስከራከር፣ የሰለቻት ጸሐፊዎ እህቴ የሞላችውን ቅጽ አውጥታ አሳየችኝ። «መምህርዎ ማን ነበር?» በሚለው ቦታ ላይ በራሷ እጅ ጽሑፍ «ማንም» ብላለች። እርስዎ የተነገረዎትን ብቻ ነው ያተሙትና በአንደኛው ነጥብ ስለ መውቀሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመምሪያዎ ክፍት የሥራ ቦታ ሲገኝ እሷን ይቅጠሩ፤ ሰውን ከነጭራሹ ማጥፋት ከሠራተኞችዎ ሁሉ ይልቅ ታውቅበታለች። ደብዳቤውን ግን መልሼ አልወስደውም፤ አድራሻው ብቻ ይቀየርልኝ።