የዳማ መንጋጋ

ሰኞ፣ ጥር 5

ብርድ። ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ አንዲት ላም፣ ሁለት ፍየሎች፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። ለላሟ የትል መድኃኒት ሰጠሁ፣ የአንደኛዋን ፍየል ቁስል አጠብኩ። እንደ ሁልጊዜው።

ከሥልጠና ያመጣሁት ሞረድና የፈረስ አፍ መክፈቻ አሁንም ከነሽፋኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ያሠለጠኑን ዶክተር ሚካኤል ሲሸኙን “ብረቱ ዛገ ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ” ብለው ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ይሄ ሁሉ ጋሪ እያለ፣ አንድ ሰው እንኳ “የፈረሴን ጥርስ እዪልኝ” ብሎ መጥቶ አያውቅም። ፈረስ ጥርስ እንዳለውስ ትዝ የሚለው ማነው...

ከሰዓት ጋሽ ይበልጣል መጣ። ባለጋሪ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ከሚቆሙት ባለጋሪዎች በዕድሜ ትልቁ፣ ሌሎቹም የሚሰሙት እሱን ነው። ባዝራው ከስታበታለች። ሣሩን ታኝክ ታኝክና እንደ ኳስ ጠቅልላ ትጥለዋለች።

“የትል ክኒን ስጪኝ” አለኝ።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ አፏን ልየው።”

“አፏንማ አስተኮስኩት። ላንቃዋ አብጧል ብለውኝ በጋለ ብረት አስነካኋት። ምንም አልጠቀማት።”

ያቺ ደግ ባዝራ... በጋለ ብረት። ተቆጣሁት መሰለኝ። “ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ይዘሃት ና” አልኩት። ይመጣ ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥር 7

መጣ። ጓደኞቹን ሁሉ አስከትሎ። ለባዝራዋ አዝነው አይመስለኝም፣ ሴት ልጅ ፈረስ አፍ ውስጥ እጇን ስትከት ለማየት ነው።

አልቸኮልኩም። አንገቷን አሻሸሁ፣ አፏን በውኃ አጠብኩ። መክፈቻውን ሳገባላት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ከዚያ ቆመች። እጄን አስገባሁ። የላይኛው መንጋጋ የውጭ ጠርዝ... ቢላ። ጉንጯ ከውስጥ ተልትሏል። የምላሷ ጎን ቆስሏል። ላንቃዋ ላይ ደግሞ የተተኮሰችው ጠባሳ። ምግቡን ብትጥል ይፈረድባታል?

“ጋሼ፣ እጅህን አምጣ” አልኩት።

“የኔን?”

“ያንተን። በጣትህ ጫፍ ብቻ፣ ቀስ ብለህ ንካው።”

አስገባና ቶሎ መልሶ አወጣ። ጣቱን አየ። “እንዲህ ሆና ነው ጋሪ የምትጎትትልኝ?” አለ። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

እየሠራሁ አስረዳኋቸው። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ውጭ ያድጋል። ሲያኝክ እርስ በርሱ ይፋቃል፣ የማይነካካው ጠርዝ ግን እየሾለ ይሄዳል። የላዩ ጉንጭ ይቆርጣል፣ የታቹ ምላስ። መሞረድ ነው መድኃኒቱ። ጠርዙ እንደ ሰኮና ነው፣ ሲሞረድ አያማትም። ድምፁ አናጺ ቤት የገባሁ ያስመስለኛል፣ ሽታው የተቃጠለ ቀንድ። ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ሞረድኩ። በመጨረሻ እጄን ሳስገባ የሚቆርጥ ነገር የለም።

ባዝራዋ ስትለቀቅ መንጋጋዋን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰችው። እንግዳ ነገር የሆነባት ይመስል።

ሰኞ፣ ጥር 12

ጋሽ ይበልጣል ደወለ። “ጭዱን ጠርጋ በላች። የጣለችው የለም” አለና ዘጋ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ።

እሑድ፣ ጥር 25

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ ሆሴዕ ክንዴን በቅባት እያሸልኝ “ተማሪዎቼ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ቲቸር፣ ሚስትህ የፈረስ ጥርስ ሐኪም ናት አሉ እውነት ነው? ይሉኛል” አለኝ።

“አንተስ ምን አልካቸው?”

“እውነት ነው፣ ስለዚህ ጥርሳችሁን ጠብቁ አልኳቸው።”

ሳቅን። ግን እውነትም ባለጋሪዎቹ እየመጡ ነው። የማያኝከው፣ ልጓም ሲገባለት ጭንቅላቱን የሚወረውረው፣ ምራቁ የሚንጠባጠበው... ሁሉም ይመጣል። የሚከፋኝ አንድ ነገር ነው። የሚያመጡት ከቆሰለ በኋላ ነው። ቁስሉ ሳይመጣ፣ በዓመት አንዴ እንኳ ቢታይ እኮ ይሄ ሁሉ ስቃይ የለም። ስነግራቸው ይሰሙኛል፣ “ልክ ነሽ” ይሉኛል፣ ይሄዳሉ። ጤነኛ ፈረስ ይዞ ከሥራ ቀርቶ የሚሰለፍ ማን አለ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ከባድ ቀን።

አቶ ጠና ከሌሞ ገጠር ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። እየሳቡ... እኚህ ሰው በእግራቸው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። በሠርግም በለቅሶም ከፈረሰኞቹ ፊት የሚጋልቡ ሰው ናቸው። ፈረሱን ዳማን የማያውቅ የለም። አሁን አጥንቱ ይቆጠራል። ልጓም አልቀበልም ካለ ቆይቷል። የግራ ጉንጩ ሥር አብጧል፣ አፉ ገና ሳይከፈት ይሸታል።

አየሁት። ታችኛው መንጋጋ፣ ወደ ኋላ የሚገኘው ጥርስ ለሁለት ተሰንጥቆ በስብሷል። ዙሪያው መግል።

“በይ ንቀይው” አሉ አቶ ጠና። ባለጋሪዎቹ ከበውናል። ጉጠቱ አለ፣ ገመዱ አለ፣ የሚይዙ ወንዶች አሉ። እጄ ደግሞ ሰሞኑን ሁሉ ነገር ተሳክቶለታል። ልሞክረው ይሆን ብዬ ነበር፣ ለራሴ ልዋሽ አልፈልግም።

“አልችልም” አልኩ። “የሚያደነዝዝ መርፌ ያስፈልገዋል፣ እሱ እኔ ዘንድ የለም። እንዲህ ቆሞ እየታገለ ቢነቀል መንጋጋው ሊሰበር ይችላል። ለሚችሉ ሰው ልደውል።”

አቶ ጠና “ያስተማሩሽ መፋቅ ብቻ ነው እንዴ?” አሉና ገመዱን ስበው ወጡ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ጋሽ ይበልጣል አልሳቀም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከጠዋት ጀምሮ አንድም ፈረስ አልመጣም። በአንድ ቀን?

ለዶክተር ሚካኤል ደወልኩላቸው። አሁን ሺንሺቾ ነው የሚሠሩት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የቱ ጥርስ እንደሆነ፣ እብጠቱ፣ ሽታው።

“አልነካሽውም አይደል፣ ሐዳሳ?” አሉኝ።

“አልነካሁትም።”

“ጎበዝ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ፈረሱ ቅዳሜ እዚያ ይገኝ እንጂ።”

ጎበዝ አሉኝ። እሳቸው እኮ “ደህና ነው” ከማለት በላይ የማይሄዱ ሰው ናቸው... ግን ፈረሱ የታለ?

ማምሻውን ጋሽ ይበልጣል ክሊኒኩ ድረስ መጣ። አቶ ጠና ሰፈር ጥርስ በመዶሻ መትቶ የሚያወጣ ሰው አለ አሉ፣ ለዓርብ ቀጥረውታል። “ልንገርሽ ብዬ ነው” አለኝ።

“ነገ ትወስደኛለህ?”

“ባዝራዋ ጠግባለች፣ ምን ችግር አለ” አለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

በጋሪ ሄድን። ባዝራዋ ዳገቱን ስትወጣ ልጓሟ እንኳ አልከበዳትም። መንገዱን ሁሉ መንጋጋዋን ነበር የማየው።

አቶ ጠና እንሰቱ ጓሮ ከዳማ ጋር ቆመው አገኘናቸው። ሰላምታዬን መለሱ፣ ሌላ የለም። በሀዲይኛ ነበር የማወራቸው። ዶክተሩ ቅዳሜ እንደሚመጡ ነገርኳቸው። “ቅዳሜ ሩቅ ነው፣ ፈረሴ አይበላም” አሉ።

ባለቤታቸው እማማ አስካለች ግን ግቡ አሉን። ቅቤና አይብ የገባበት የእንሰት ምግብ፣ አተካና ቀረበ። እየበላን እማማ አስካለች ጠየቁኝ፣ “እስቲ ንገሪኝ፣ በመዶሻ ቢመታ ምን ይሆናል?”

አልደበቅኩም። በበሰበሰው ጥርስ ዙሪያ ያለው አጥንት እንደሳሳ፣ መዶሻው ጥርሱን ትቶ አጥንቱን ሊሰብር እንደሚችል፣ መንጋጋው የተሰበረ ፈረስ ደግሞ ከዚያ በኋላ እንደማያኝክ። ያን ጊዜ እኔም ዶክተሩም የምናደርግለት እንደሌለ።

“ማክሰኞ ለምን እንዲህ አላልሽኝም?” አሉ አቶ ጠና ከበሩ። መግባታቸውን አላየሁም።

“ብያለሁ። ሰው በዝቶ ነበር።”

እማማ አስካለች ወደ እሳቸው ዞሩ። “ይህች ልጅ በሰው ፊት አልችልም ያለችው ለዳማ ብላ ነው። አንተ ብትሆን ትለው ነበር?”

አቶ ጠና ወጡ። ስንሄድ ግን ዳማን በእርጥብ ፉርሽካ እንዴት እስከ ቅዳሜ እንደሚያቆዩት ጠየቁኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

መጡ። ሁለቱም፣ ዶክተሩም ዳማም።

ሳልረሳው ልጻፈው።

መርፌውን ከተወጋ በኋላ የዳማ ጭንቅላት ቀስ እያለ ወረደ። አቶ ጠና ትከሻቸውን ከአገጩ ሥር አስገብተው ያዙት። ድዱም ደነዘዘ። ዶክተር ሚካኤል ጉጠቱን አንስተው ሞከሩ፣ እጃቸው ትልቅ ነው፣ እዚያ ጠባብ ቦታ ከብረቱ ጋር አልዞር አላቸው። አወጡና ለኔ ሰጡኝ።

“አንቺ ያዢው። እኔ መብራት እይዛለሁ።”

“ዶክተር...”

“አትሳቢ። መያዝና ማወዛወዝ ብቻ። ራሱ ይነግርሻል።”

ያዝኩት። ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ። ምንም። ደግሞ ወዲህ፣ ደግሞ ወዲያ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ዶክተሩ በክንዳቸው ጠረጉልኝ። ባለጋሪዎቹ አጥሩን ሞልተውታል። ከዚያ መጣ... ከጥልቅ ቦታ እንደ እርጥብ ጫማ ያለ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ። “መጣልሽ፣ አሁንም አትቸኩይ” አሉኝ። አልቸኮልኩም። ሥሩ እየለቀቀ ሲመጣ በብረቱ በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ። ሲወጣ የተሰነጠቀው ክፋይ ሳይቀር ከነሥሩ ወጣ። ረጅም ነው፣ ጣቴን ያህላል። ሽታው...

ጉድጓዱን አጥበን ዘጋነው። መንጋጋውን ዳሰስኩት። ደህና። አንድም ስንጥቅ የለም።

አቶ ጠና ትከሻቸውን ከፈረሱ ሥር አላነሱም። ዓይናቸውን ብቻ ወደኔ አዙረው አገጬን ጠረጉልኝ፣ ደም ነበረበት።

ዶክተር ሚካኤል ዕቃቸውን ሲሰበስቡ “ማክሰኞ ያደረግሽው ከዛሬው ይከብዳል” አሉኝ። ይህን ለሆሴዕም ነገርኩት፣ ሁለት ጊዜ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

እብጠቱ ቀንሷል። ለስላሳውን ይበላል። ሣር ገና ነው። እየጸለይኩ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

በቢሮው መስኮት የግልቢያ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ አቶ ጠና ዳማ ላይ ናቸው፣ ነጭ ጋቢያቸው ወደ ኋላ ተጥሎ። ዳማ ልጓሙን ይዞ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆሟል። የጎን አጥንቱ አይታይም።

ወረዱ። “ለቅሶ ነበር፣ ከዚያ መምጣቴ ነው” አሉ። “ከፊት ጋለበ።”

አፉን አየሁት። ቦታው ድኗል። ከዚያ ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው። ከላይ ያለው ጥርስ አሁን የሚፋቅበት ጓደኛ የለውም፣ ዝም ከተባለ እየረዘመ ወርዶ ድዱን ይወጋዋል። ስለዚህ ዳማ ባይታመምም፣ በየስድስት ወሩ መታየት አለበት። ዕድሜውን ሙሉ።

የሚሰለቹ መስሎኝ ነበር።

“ሌሎቹስ?” አሉኝ። “ጥርሳቸው ሙሉ የሆኑት?”

“እነሱም በዓመት አንዴ።”

“ታዲያ ቀን ቁረጪልን። እኔ ለሌሞ ፈረሰኞች እነግራለሁ። ይበልጣል ለባለጋሪዎቹ ይንገር።”

ቀን ቁረጪልን አሉኝ። እስከ ዛሬ ስለምናቸው የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ...

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ጎህ ሲቀድ ዝናብ ጣለ፣ ማንም አይመጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር የወጣሁት። ስደርስ ከክሊኒኩ በር እስከ አስፋልቱ ፈረስ። የጋሪ ፈረሶች ጋሪያቸው ተፈትቶ፣ የሌሞ ፈረሶች ከነኮርቻቸው። ከቦኖሻ ድረስ የመጣ አለ። ጋሽ ይበልጣል ሰልፉን ይዟል፣ የሚጋፋውን “በተራ፣ በተራ” ይላል። አቶ ጠና ከዳማ ጋር መሃል ላይ ቆመዋል። ፊት ይለፉ ሲባሉ አልፈልግም አሉ አሉ።

የሺንሺቾ ክሊኒክ ሁለት ባለሙያዎች ልኮልኛል። ዶክተር ሚካኤል “ከሐዳሳ ተማሩ” ብለው ነው የላኳቸው። አንደኛዋ ትዕግስት ትባላለች፣ እጇን መጀመሪያ ስታስገባ ዓይኗን ጨፈነች። “ክፈቺው” አልኳት፣ “ፈረሱ ያይሻል።” ወደ ማብቂያው ሞረዱን ራሷ ይዛ ነበር።

አንድ ወጣት ባለጋሪ ተራው ሲደርስ ያፍር ጀመር። “የኔ እንኳ ምንም አልሆነም፣ በደንብ ይበላል፣ ሰዉ ሲመጣ ነው የመጣሁት” አለኝ። አየሁት። ጠርዙ መሾል ጀምሯል፣ ጉንጩ ግን ንጹሕ ነው፣ አልተነካም። በጥቂት ምት አለቀ። ከመሄዱ በፊት ጋሽ ይበልጣል እጁን ይዞ ጠርዙን አስዳሰሰው። ስለ ጉንጩ፣ ስለ ምላሱ፣ ሁሉንም ነገረው። እኔ በነገርኩት መንገድ አይደለም፣ በራሱ መንገድ፣ ከኔ አሳጥሮ። ቆሜ ሰማሁት።

ማታ ሆሴዕ ክንዴን እያሸ “ዛሬ ብዙ በሽተኛ አገኘሽ?” አለኝ።

“አንድም አላገኘሁም” አልኩት።

ቀና ብሎ ፊቴን አየና ማሸቱን ትቶ ይስቅ ጀመር። ምን እንዳልኩት ገብቶታል። ያ ሁሉ ፈረስ ዝናብ እየመታው ተሰለፈ፣ አንዱም አልታመመም ነበር።