ባለቤቴ «በፈቃዱ ሄደ» የሚለው መዝገብ እንዲታረም

ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት
የጎረቤት አገሮች መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 11

ጉዳዩ፦ የባለቤቴ መዝገብ እንዲታረም ስለመጠየቅ፣ እንዲሁም የሠርግ ፎቶግራፋችንን ከአዳራሻችሁ ያወረድኩት እኔ መሆኔን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች በመምሪያዎ ሠላሳ ሦስት ዓመት በታይፒስትነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ነኝ።

1. ከጎረቤት አገር ጋር የተፈረመውን የወዳጅነት ስምምነት ከአምሳ ዓመት በፊት በጽሕፈት መኪና የጻፍኩት እኔ ነኝ። በስምምነቱ መሠረት የድንበሩን ድልድይ ሊሠሩ ከመጡት ቀያሾች አንዱ የይለፍ ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጥቶ፣ በተሰባበረ ቋንቋችን «ደብዳቤዬ አልበሰለም?» አለኝ። «ገና ጥሬ ነው» አልኩት። በሳቅ የጀመርነው በሦስተኛው ዓመት ለሠርግ አበቃን። የዚያን ጊዜው ኃላፊ «ይህ ከስምምነቱ ይበልጣል» ብለው የመሥሪያ ቤቱን ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ።

2. አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሁለቱ መንግሥታት በድንበሩ ተጣሉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እኚሁ ኃላፊ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ርዕሱ «በገዛ ፈቃዳቸው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ባለሙያዎች» ይላል። ከአሥራ ዘጠኙ ስሞች አሥራ አንደኛው የባለቤቴ ነው።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ባሌ ነው» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ «አውቃለሁ። ሦስት ቅጂ አድርጊው» አሉኝ።

አደረግኩት። ከሥራ ብባረር ልጄን በምን አሳድጋታለሁ ብዬ ፈርቼ አደረግኩት። ማንም ሳይወቅሰኝ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ሦስት ቢሉኝም አራት ነው ያወጣሁት፤ የአራተኛው ግልባጭ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

3. የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት ሻንጣ አስይዛችሁ በአውቶቡስ ጫናችሁት። ልጄ የኮቱን ጫፍ አልለቅም ብላ ወታደሩ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቆ አስለቀቃት። ራሱ የቀየሰውን ድልድይ በእግሩ ተሻገረ። ወዲያ ማዶ ደግሞ «የጠላት አማች» ብለው ሥራ ነሱት። በሁለት ዓመቱ ሞተ። መርዶውን በሰባተኛ ወሩ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነገረኝ። ጎረቤት «ለጠላት ታለቅሳለች» እንዳይለኝ በሬን ዘግቼ፣ አፌን በትራስ አፍኜ አለቀስኩ።

4. አሁን ታርቃችኋል፤ እሰየው። የታረቃችሁት ግን እናንተ ናችሁ፤ እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ብመጣ ያ የሠርግ ፎቶግራፍ የበር ያህል ተልቆ ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩም «የሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች የማይበጠስ ትስስር» ተብሎ ተጽፏል። በቀጥታ ሦስተኛ ፎቅ መዝገብ ቤት ወጣሁ። ሠራተኛዋ ማኅደሩን አገላብጣ «እማማ፣ በፈቃዳቸው ሄዱ ነው የሚለው። የተጻፈን እኛ ምን እናድርገው?» አለችኝ። በልጄ መዝገብ ላይም «አባቷ ቤተሰቡን ትቶ የሄደ» ተብሏል። ዛሬ አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህንን ቃል በየቢሮው ስታነብ ኖራለች።

5. ስለሆነም ወርጄ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ፎቶግራፉን አወረድኩ። ጥበቃው «እናቴ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!» ብሎ ሮጦ መጣ። «የመንግሥት ከሆነ መንግሥት ለምን አባረረው?» አልኩት። እንዳልወድቅ ወንበሩን ያዘልኝ። ፎቶግራፉ አሁን ቤቴ ነው፤ ስርቆት ነው ካላችሁ አድራሻዬ በጡረታ ማኅደሬ ስላለ ክሰሱኝ።

ስለዚህ በባለቤቴ መዝገብ ላይ «በመንግሥት ትእዛዝ ተገዶ የወጣ» ተብሎ እንዲታረም፣ የልጄም መዝገብ በዚሁ ተስተካክሎ በእርስዎ ፊርማና በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ እንዲሰጣት እጠይቃለሁ።

ለአምሳኛው ዓመት በዓል ንግግር እንዳደርግ የላካችሁልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። በዓሉ የፊታችን ሐሙስ ነው። ደብዳቤው እስከ ረቡዕ ልጄ እጅ ከገባ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። ካልገባ ግን በጥሪያችሁ መሠረት መድረክ ላይ ወጥቼ፣ አምባሳደሩ ባሉበት፣ የአሥራ ዘጠኙንም ሰዎች ስም እስከ ርዕሱ አነባለሁ።

ቂሜን ሳልደብቅ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀያሹ ሚስት፣ የመምሪያው የቀድሞ ታይፒስት

ግልባጭ፦
ለጎረቤት አገር ኤምባሲ
ለልጄ