አምስተኛው ዋንጫ

ሐሙስ

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ቀድሞኝ «እሺ» አለ። የደወለችው ጫልቱ ናት፤ ድሮ ያሠለጠንኳት የወንጂዋ ልጅ። ዛሬ እዚሁ አዳማ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ታሠለጥናለች። እሁድ የዋንጫ ጨዋታ አላቸው። «ጋሼ፣ ከጨዋታው በፊት ለልጆቹ ሁለት ቃል ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ምን ልበላቸው? መተሐራ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ጅቡቲ... ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ ዕድሜዬ አለቀ። ትርፉ ሰባት ዋንጫ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አቧራቸውን በጠረገች ቁጥር «ሰባት ሆነው አንዱ እንኳ ውኃ አይጠጣበት» ትላለች። አምስተኛውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። የድሬዳዋው ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም።

ዓርብ

ጉልበቴ ቢያመኝም ልምምዳቸውን ልይ ብዬ በባጃጅ ሄድኩ። ጫልቱ ጎበዝ ሆናለች። ልጆቹ ይፈሯታል፣ ይወዷታልም። የኔዎቹ እኔን መፍራት ብቻ ነበር የሚያውቁት።

ሲጨርሱ አንድ የጨርቅ ከረጢት ዘረጋች። ስልካቸውን አንድ በአንድ ከተቱ። «እስከ እሁድ እኔ ጋ ነው። ቤተሰቦቻችሁ የኔ ቁጥር አላቸው» አለቻቸው። ወደኔ ዞራ ሳቅ አለች፤ «ከእርስዎ የተማርኩት ነው፣ ጋሼ። ሐሳባቸው እንዳይበተን።»

አንገቴን ነቀነቅኩ። ወይ ጉድ። ምሳም አልበላሁ።

ቅዳሜ

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያኔ ድሬዳዋ፣ ለፍጻሜው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የጫልቱ አክስት በኔ ስልክ ደወለች። የጫልቱ ስልክ ከረጢቴ ውስጥ ነበር። «አባቷ ደክሟል። ስሟን እየጠራ ነው፣ ዛሬውኑ ይላኩልን» አለችኝ። እሺ አልኳት። አልላክኋትም። ያለ ጫልቱ ዋንጫ እንደሌለ አውቅ ነበር። ሁለት ቀን ምን አላት አልኩ።

በማግስቱ ሞተ። እሷ ስትጫወት ተቀበረ። እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም። ሰኞ ወንጂ ይዣት ሄጄ ከዘመዶቿ ጋር መርዶ አረዳናት። አክስቷን ለብቻዋ ጠርቼ «በሕይወት እያለ መደወልሽን አትንገሪያት፣ ጸጸቱ ይገድላታል» አልኳት። ሴትየዋ ለጫልቱ ያሰብኩ መስሏት ቃሏን ጠብቃ ሞተች።

ሰዉ ሁሉ አመሰገነኝ። መርዶ ችሎ የያዘ፣ አስተዋይ ሰው ተባልኩ። መርዶ ማዘግየት ልማዳችን ነው፤ ማን ይፈርድብኛል? እኔ ግን የያዝኩት መርዶ አልነበረም። በሕይወት ያለ ሰው ጥሪ ነበር።

ዛሬ ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለልጅቷ ንገራት» አለች።

እሁድ

ከጨዋታው በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፤ ያኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ እንደደረስኩ ከሜዳው ዳር ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጠርቶኝ ነበር?»

«አዎ።»

ትታኝ ሄደች። ከረጢቱን ፈታ ስልኮቹን አደለች። «ቤታችሁ ደውሉ» አለቻቸው። ዳኛው ሰዓት አለፈ ብሎ ጮኸ፤ ዞራም አላየችው። ሁለት ቃል ይናገሩ የሚለኝ አልነበረም፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። ቡድኗ ለጥቂት ተሸነፈ። ሳትሰናበተኝ ወጣች።

አሁን ቤት ስገባ መልእክቷ ደረሰኝ። «ነገ ጠዋት ወንጂ መቃብሩ ጋ እሄዳለሁ። እርስዎም ይምጡና ለእሱ ይንገሩት።»

ጥሩወርቅ ጥቁሩን ኮቴን እየተኮሰች ነው።

እሄዳለሁ። ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ስሙን ግን ስንት ዓመት በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ፣ ከእሷ ስም ቀጥሎ። ጫልቱ ቶሎሳ። ኦቦ ቶሎሳ ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምል አላውቅም።