ካርዱን ከአንገቴ አወለቅኩት

ለምወድህ አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ከጉሙ ጋር ተስማማ? አክስቴ ድሩሲላ የጨው ዓሣ እንደምታበዛብህ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ እንደከለከለህ ንገራት። እኔ ደህና ነኝ። ኧረ ደህና ብቻ አይደለሁም፣ አሸንፈናል!

ከሦስት ዓመት በፊት የእርዳታ ድርጅቱን ገንዘብ ለመቀበል ስፈርም፣ «በእኔ ደጃፍ ተረጂ የሚባል የለም» ብለህ የጀልባ መሥሪያ መጥረቢያህን ይዘህ አክስቴ ዘንድ መግባትህን አልረሳሁም። እኔም ያለዚያ ገንዘብ ለስድስቱ የመንደራችን ልጆች ጀልባ ሥራ ማስተማር እንደማልችል ነግሬህ ነበር። ግትር ሽማግሌም ብዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ዘንድሮም ሴንት ጆንስ ከተማ በድርጅቱ የዓመቱ እራት ላይ ያው ነው። ቢጫ ካርድ አንገታችን ላይ፣ ከስማችን በላይ «ተረጂ» ተጽፎበት። ያው በር የሚያህል የካርቶን ቼክ፣ ያው የምስጋና ንባብ። የእኛ የመጪው ዓመት ውል ገና አልተፈረመም ነበር። ግን ተራዬ ሲደርስ ካርዱን አወለቅኩና ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ማርጆሪ ፊት አስቀመጥኩት።

እኛ ለልመና አልመጣንም አልኳቸው። ገንዘቡን ለሥራ ሰጣችሁን፤ ሠራንበት፤ አራት ጀልባ ባሕር ላይ አለ። ሰው የራሱን እንጨት አምጥቶ ጀልባ ሲያሠራህ ስለ ራስህ የምትናገራትን ቃል ተውሼ፣ «እኛ ባለአደራ ነን» አልኩ። ከኋላ አንዲት መረብ ሠሪ «የኔንም ውሰዱልኝ!» ብላ ካርዷን ወረወረች። ከዚያማ ማን ይቅር? ጠረጴዛው ቢጫ ሆነ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ወይዘሮ ማርጆሪ ቢሯቸው ጠርተው ፈረሙልኝ። አዲሱ ውል ከላይ እስከ ታች «ባለአደራ» ነው የሚለው። ከዚያ ከመሳቢያቸው ስም የሌለው ደብዳቤ አወጡ፤ አንተ በሄድክበት ሰሞን የደረሳቸው ነው። «ለልጆቹ የምትሰጡትን አትከልክሉ፤ ቃሉን ብቻ ቀይሩ፤ ባለአደራ በሏቸው» ይላል። በጠፍጣፋ የአናጺ እርሳስ የተጻፈ ነው። ማን ይሆን ሲሉኝ፣ እንጃ አልኳቸው።

ሰኞ አዲስ ጀልባ እንጀምራለን። ቦታህን ማንም አልነካውም። እርሳስህንም ቀርጬ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያበርታ፤ ስትመጣም ባሕሩን ጸጥ ያድርግልህ።

ግትርነቷን ከአንተ የወረሰች ልጅህ